ሊፍት ይቅደም፣ ካሜራ ይቅደም

ባሌ ዶክተር ነው፤ መርፌ የሚወጋው ዓይነት ግን አይደለም። ጎረቤት የሚያስለውን ልጁን አዝሎ በራችንን ሲያንኳኳ፣ «የእኛው ዶክተር የሚያየው ስልክ ላይ የሚጣሉ ሰዎችን ነው» ብዬ እመልሳለሁ። እነሱንም አያክምም፤ ያያል ብቻ። ዩኒቨርሲቲው የቀጠረው ሰዎች በኢንተርኔት እንዴት ወገን እንደሚለዩ፣ እንዴት መሪ እንደሚያወጡና እንዴት እንደሚዘላለፉ እንዲያጠና ነው።

ዘንድሮ ለጥናት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። የሕንፃችን ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አድሚኑን፣ ጡረታ የወጡትን የሂሳብ መምህር፣ አስፈቅዶ ገባበት። የሙያው ሕግ አንድ ነው፤ ተመልካች እጁን አያስገባም። አይጽፍም፣ ላይክ አያደርግም፣ ለወለደችም «እንኳን ደስ ያለሽ» አይልም።

ከዚያ ሊፍቱ ተበላሸ። እኛ ሰባተኛ ፎቅ ነን። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ይከዳታል። ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ፣ ምድር ቤት ናት፤ እሷን ደግሞ ልቧ ደረጃ አያስወጣትም። ሁለቱ በሊፍት እየተመላለሱ ሲነታረኩ የሚውሉ፣ ሳይነታረኩ ከዋሉ የሚያማቸው ሴቶች ናቸው። በስልክ ሞክረውት ነበር፤ ጭቅጭቅ በስልክ አይጥምም አሉ። ይባስ ብሎ አክስቴን ልጇ ሌላ ከተማ ሊወስዳት ወሰነ፤ እሑድ ጠዋት ልትሄድ ነው።

ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ሊፍት ይቅደም» አለ። ሌላው «ካሜራ ይቅደም» አለ፤ መጀመሪያ ሊፍቱ ውስጥ ካሜራ ይተከልና ማን እንደሰበረው ይታወቅ ነው የሚለው። ከተሰበረ በኋላ የተተከለ ካሜራ ሰባሪውን እንዴት ያያል ብሎ የጠየቀ ሰው «የሰባሪው ተላላኪ» ተባለ። የካሜራው ወገን መሪ ምድር ቤት የሚኖረው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሊፍት ረግጦ አያውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት በወገን ተለያይተው፣ እሱ ሳሎን እሷ መኝታ ቤት ሆነው ግሩፑ ላይ ይሰዳደባሉ።

ድምፅ በየቤቱ አንድ ነው። ሲቆጠር እኩል ለእኩል ሆነ። የቀረው የእኛ ቤት ብቻ ነበር፤ የተመዘገበውም በባሌ ስልክ።

«በል፣ ሊፍቱን ንካው» አልኩት።

«አልችልም። እኔ ከወሰንኩት ምኑን ጥናት ሆነ?»

«እናቴስ?»

«እናትሽ ግሩፑ ውስጥ የሉም።»

ስልኩን ልነጥቀው ሞከርኩ። የይለፍ ቃሉን ቀየረና መታጠቢያ ቤትም ይዞት ይገባ ጀመር።

ዝምታው ነገሩን አባሰው። አድሚኑ «ዶክተሩ ዝም ያሉት የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው» ብለው ጻፉ። በማግስቱ «ዝም እንበል» የሚል ሦስተኛ ወገን ተፈጠረ፤ እሱም ስለ ዝምታ ቀኑን ሙሉ ይጽፋል። የባሌ ፎቶ አፉ ተቆልፎ ስቲከር ሆነ። ቀጥሎ የሕንፃው ሊቀመንበር አድርገው መረጡት። ለመቃወም መጻፍ ነበረበት፤ ስለዚህ ሊቀመንበር ሆነ። የካሜራው ወገን መልእክተኞች እንኳ ድምፁን ሊለምኑ ሰባት ፎቅ እያለከለኩ ወጥተው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሶፋችን ላይ ይጋደማሉ። እሱ ዓይኑ እየበራ «እንዲህ ያለ መረጃ ማንም አግኝቶ አያውቅም» ይለኛል። በግኜ ነበር። ልፈታው ሁሉ አስቤያለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ጠራችው።

«ልጄ፣ እህቴ ሳላያት እንድትሄድ ትፈልጋለህ?»

«እማማ፣ እኔ የምፈልገው ውጤቱን ያዛባል።»

ሻሿን አስተካክላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

እሑድ ጠዋት ከታች የመኪና ክላክስ ተሰማ። እናቴ በረንዳ ወጥታ ብረቱን ይዛ ቆመች። አክስቴ ግቢው ውስጥ አንገቷን ቀና አድርጋ ትፈልጋታለች።

«እታለም!» አለች እናቴ። ድምፅዋ ሁለት ፎቅ እንኳ አልወረደም።

አክስቴ እጇን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ «ምን?» አለች።

«እታለም!»

«ምን?»

ነዋሪው በየበረንዳው ወጥቶ እየቀረጸ ግሩፑ ላይ ይለቃል፤ የባሌ ስልክ እጁ ላይ ይንጫጫል። እናቴ ሦስተኛ ጊዜ ልትጣራ ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ባሌ ስልኩን ወለሉ ላይ ጣለ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ተንበረከከ።

«እማማ፣ ላዝልዎት።»

እኔ ጫማዋን ይዤ ተከተልኩ። በየፎቁ በር ይከፈታል። «ዶክተሩ ለሊፍት ቆሙ!» ይላል አንዱ። «ኧረ የለም፣ ያለ ሊፍት መውረድ እንደሚቻል እያሳዩ ነው፤ ለካሜራ ነው!» ይላል ሌላው። አራተኛ ፎቅ አድሚኑ በራቸው ላይ ቆመው «ገለልተኝነትዎን ስለጣሱ ከግሩፑ አስወጥቼዎታለሁ» አሉት። ጥናቱ እዚያው ሞተ። እናቴ ጀርባው ላይ ሆና «ቀስ፣ ቀስ» ትለዋለች።

ስንደርስ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ነበር። እህትማማቾቹ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ወዲያው «ከስተሻል»፣ «አንቺ ነሽ የከሳሽው» ብለው ተጨቃጨቁ። እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

መኪናው ከወጣ በኋላ እናቴ ልብስ ሰፊው ባመጣላት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ባሌ አጠገቧ መሬት ላይ ተዘርሮ ያለከልካል። ዝቅ ብላ አየችው።

«ልጄ፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው?»

«ወር አለፈው፣ እማማ።»

«ይሄ ጀርባ ታዲያ እስከዛሬ የት ነበር?»

ግቢው ሰው ሞልቶበት ነበር። ሁሉም ጀርባ ነበረው፤ እኔም ጭምር።