በነጻ የመጣው ሐረግ

በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ደጊቱ የምትባል ሴት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። እጇ ፈጣን፣ ዓይኗ ስሕተት የማያልፈው ነበርና ሠራተኛው ደብዳቤውን፣ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ሙሽራው የጥሪ ካርዱን ይዞ የሚመጣው ወደ እሷ ነው።

በዚያ ዓመት ግን ከሁሉ በላይ ልቧን የያዘው የመሪጌታ ክንፈሚካኤል ሥራ ነበር። የኔታ የቡሬ ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት ቅኔ አስተምረዋል። ዓይናቸው ስለደከመ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጡ ከጎኗ ይቀመጡና ከመምህሮቻቸው የሰሙትን ቅኔ በቃላቸው ያወርዱላታል፤ መጀመሪያ ግእዙን፣ ቀጥሎ ሰሙን፣ ቀጥሎ ወርቁን። አምስት ወር ፈጅቶ መቶ አሥራ ሁለት ቅኔ ተጻፈ።

ሥራው ሲያልቅ ደጊቱን አንድ ነገር አማራት። እንደ ብራና መጽሐፍ በየገጹ ራስ ላይ ሐረግ የሚባለውን የቀለም ጌጥ አስገብታ የኔታን ልታስደንቅ ፈለገች። ኢንተርኔት ላይ ስታስስ፣ የገጽ ጌጥ የሚስል ፕሮግራም ፍጹም በነጻ እሰጣለሁ የሚል ገጽ አገኘች። ማን እንደሠራው አይናገርም። «አውርድ» የሚል ቁልፍ አራት ቦታ ተደርድሯል፤ እሷ ትልቁን አረንጓዴውን ነካች። መስመሩ እያዘገመ ግማሽ ቀን ፈጀ። ልትጭነው ስትል ኮምፒውተሩ፣ ምንጩ አይታወቅም፣ ይቀጥል ወይ ብሎ ጠየቃት። ግማሽ ቀን የጠበቀች ሴት ምን ትበል? ቀጥል አለችው።

ሐረግ የሚባል ነገር አልመጣም። ሳምንቱ እንደ ወትሮው አለፈና ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት፣ በማኅደሮቹ ሁሉ ላይ ትንሽ ቀስት በቅላለች። የየኔታን ማኅደር ብትነካው ባዶ መስኮት ተከፈተባት። ደንግጣ ቅጂ ያስቀመጠችበትን ፍላሽ ሰካች፤ ዓይኗ እያየ እሱም ላይ ቀስቷ በቀለች።

ደጊቱ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። አምስት ወር! ደግሞስ ለየኔታ ምን ብላ ትንገራቸው? ብዙ አሰበች፤ መሸሸግ ግን አልሆነላትም። ሲፒዩውን ነቅላ በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣች።

አጠገቧ የተቀመጡት እናት እቅፏን አይተው፣ «ምን ሆኖብሽ ነው፣ ልጄ?» አሏት።

«ቫይረስ ይዞት ነው፣ እማማ።»

እናቲቱ ፈንጠር አሉና ወዲያው አዘኑላት። «ውይ አፈር ስበላ! ጠበል ሞከርሽ?»

«ውሃ ከነካውማ አለቀለት።»

ገልጣ ብታሳያቸው ሚኒባሱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እናቲቱ ማንኩሳ ላይ ሲወርዱም፣ «ብቻ ይማርልሽ!» አሏት። ደጊቱ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

የኔታ ከቅኔ ቤታቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ቆማ ሳትቀመጥ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ሐረጉን፣ ቁልፉን፣ ቀስቷን። የኔታ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ምን ተብሎ ነው የመጣው አልሽኝ?» አሏት።

«በነጻ፣ የኔታ።»

«ነጻ ሲልሽ ሰሙን ሰማሽ፤ ያለ ዋጋ መሆኑን። ወርቁን ሳትጠይቂ አስገባሽው። ከደዌ ነጻ ነህ ወይ ማለት ነበረብሽ!»

ደጊቱ ልታለቅስ ስትል የኔታ በገዛ ቃላቸው ተደስተው ሲስቁ አየች፤ እንባዋን ትታ አብራቸው ሳቀች።

«ሐረግ የሚስል ተማሪ እዚሁ ሞልቶኛል፤ ብትነግሪኝ ኖሮ ምን ነበረበት? ቅኔውም ቢሆን ከኔ ዘንድ አለ፤ ዳግም ትጽፊዋለሽ። መጀመሪያ ግን ሐኪሙን እንይ፤ ቅኔ ያስተማርኋቸው የቄስ አድማሴ ልጅ የኮምፒውተር መምህርት ሆናለች።»

የቄሱ ልጅ ውዳሴ እዚያው ቡሬ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ታስተምራለች። የሙከራ ክፍሏ ውስጥ የደጊቱን ማሽን ከስክሪን ጋር አገናኘችና፣ አንድ ጥቁር መስኮት ከፍታ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈችበት። ማኅደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። የየኔታው ሲከፈት መቶ አሥራ ሁለቱም ቅኔ እንዳለ ነው።

ደጊቱ እልል ብላ አፏን በእጇ ያዘች፤ ጎን ባለው ክፍል ትምህርት ነበራ።

«አልጠፉም እኮ፣ ተሸሽገው ነው» አለች ውዳሴ። «ይሄ ቫይረስ ፋይሉን ይደብቅና በቦታው ማታለያ ያስቀምጣል። ያንን በነካሽ ቁጥር እሱን ታስነሺዋለሽ። ያንቺ ዕድል ነው እንጂ ጨርሶ የሚያጠፋም አለ። ለወደፊቱ ፕሮግራም ስታወርጂ ከራሱ ከሠሪው ገጽ ይሁን፤ ሳትከፍቺው በጸረ ቫይረስ ፈትሺው። ቅጂሽንም ከታመመ ማሽን ጋር አታገናኚው።»

«ለካ ኮምፒውተርም ቅኔ ያውቃል!» አሉ የኔታ። «ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ።»

ውዳሴ ማሽኑን አጽድታ፣ የማጽጃውን ፕሮግራም በሲዲ፣ ትእዛዙን በወረቀት ስትሰጣት አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ «ካወረድሽው ወዲህ ስንት ሰው ፍላሽ ሰካብሽ?»

የደጊቱ ደስታ ቀዘቀዘ። ሳምንቱን ሙሉ ያልሰካ ማን ነበር?

በማግስቱ በትልልቅ ፊደል ጽፋ በሯ ላይ ለጠፈች፤ «ባለፈው ሳምንት እዚህ ፍላሽ የሰካችሁ ሁሉ፣ ከእኔ ቤት ቫይረስ ወስዳችኋልና ይቅርታ። አምጡት፣ አጸዳለሁ።» ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ታንጉት አንብባ ደረቷን መታች። «አብደሻል? ማን ደግሞ ካንቺ ዘንድ ሊመጣ ነው?»

ደጊቱም ፈርታ ነበር። ግን አላነሳችውም።

እስከ እኩለ ቀን ማንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ አንዲት የጤና ባለሙያ መጣች፤ ሪፖርቷ ጠፍቶባት ሦስት ቀን ስትሰቃይ ከርማለች። ተከፍቶ ስታየው ደጊቱን አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ በኋላ ወሬው ሮጠ። መምህሩ መጣ፣ ጸሐፊዋ መጣች፤ አንድ ቢሮማ ሦስት ሲፒዩ በፈረስ ጋሪ አስጭኖ ላከ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሌላ ቦታ ያመጣውን ቫይረስ ሁሉ በእሷ ስም አስጸዳ። እሷ ሁሉንም እሺ አለች።

ቅዳሜ የኔታ ከሚኒባስ ሲወርዱ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገድ ዳር ደርሷል። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «ምንድር ነው፣ ስኳር መጣ እንዴ? ምን እያደልሽ ነው?» ሲሉ ተጣሩ።

ደጊቱ በመስኮት ብቅ አለች። «ማደሉንስ ባለፈው ሳምንት ጨረስሁ፣ የኔታ፤ አሁን እየሰበሰብሁ ነው!»

የኔታ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ይበል! ይበል!» አሉ፤ የቅኔ መምህር ለተማሪው እንደሚለው።