ናሙና አልተገኘም

አንዲት ቃል ሰረቁኝ። ቦርሳዬን ቢሰርቁኝ ይህን ያህል አልናደድም ነበር።

ሥራዬ ፋብሪካዎች መሬት ውስጥ የቀበሩትን ጉድ ማውጣት ነው። አፈር አስቆፍራለሁ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ቀድቼ ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ። ዘንድሮ የደረሰኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ ደግሞ ያሳደገችኝ አክስቴ ከምትኖርበት ሰፈር ጋር አጥር ይጋራል። ለአለቃዬ ነግሬው ነበር፤ "ሌላ ሰው የለኝም፣ ዝም ብለሽ ሥሪ" አለኝ። አክስቴ ግቢ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አለ። ምርመራው እስኪያልቅ ብዬ በጣውላ ዘጋሁባት። በዚያ በሚያማት ወገቧ ከቦኖ ጄሪካን ስትጎትት ባየኋት ቁጥር አንጀቴን ትበላኛለች፤ እሷ ግን ትቀልዳለች፦ "ጉድጓዴን እኮ አሰርሽው! ዋስ የሚሆነው ጠፋ?"

ፋብሪካው ውስጥ ስድስት መመርመሪያ ጉድጓዶች አስቆፈርን። አምስቱ ያለ ጭቅጭቅ ተቀዱ። ስድስተኛው ግን ድሮ ብረት በኬሚካል ከቅባት ይጸዳበት ከነበረው ክፍል ጀርባ፣ መሬቱ ወደ አክስቴ ቤት የሚያዘቀዝቅበት ጥግ ላይ ነው። ሲቆፈር ከወጣው አፈር ጣፈጥ ያለ የማስቲሽ ሽታ መጥቶ ራሴን ሲያመኝ ዋለ። ውሃውን ልቀዳ ስመለስ ክዳኑ ላይ የእኛ ያልሆነ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

"መክፈቻው አልተገኘም፤ ነገ ነይ" አለ ሥራ አስኪያጁ።

ነገ ሄድኩ፤ አልተገኘም። በማግስቱም አልተገኘም። ልስበረው ስል ጥበቃ ጠራብኝ። እኔም ሪፖርቴ ላይ የሆነውን ጻፍኩ፦ "ስድስተኛ ጉድጓድ፦ ናሙና አልተገኘም።"

ሪፖርቱ ለፋብሪካውም በተላከ ሰሞን አክስቴ ቤት ስገባ ጣውላው ተነስቷል። እሷ ብርጭቆ ይዛ ትስቃለች።

"እንኳን ደስ አለሽ፣ ጉድጓዴ ተፈታ!"

"ማን ፈታው?"

"እናንተው ናችሁ እንጂ! ፋብሪካው በር ላይ ለጥፈውታል። ምንም አልተገኘም ተብሏል። እንቺ፣ ቅመሺልኝ።"

ብርጭቆውን ከእጇ ነጥቄ ደፋሁት። ደነገጠች። "ምነው ልጄ? እንባ የመሰለ ውሃ!"

"አክስቴ፣ ይሄ ነገር አይታይም። በእግዚአብሔር፣ እስክመለስ እንዳትነኪው።"

በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩት። ከላይ "ብክለት" ይላል። ከሥሩ ስድስቱ ጉድጓዶች ተደርድረዋል፤ ከሁሉም አጠገብ "አልተገኘም" ተጽፏል። አምስቱ እውነት ነው። ከስድስተኛው ላይ ግን "ናሙና" የምትለዋን ቃሌን ቅርጥፍ አድርገው በልተዋታል። ደሜ ፈላ። ቢሮው ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም።

"ቦታ ስለጠበበን አሳጠርነው እንጂ፣ እህት፣ ካንቺ ቃል ውጪ ምንም አልጨመርንም" አለኝ ሥራ አስኪያጁ፣ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ።

"አልጨመራችሁም፣ ቀነሳችሁ! ሰው ውሃውን እየጠጣው ነው እኮ!"

"አልተገኘም ያልሽው አንቺ ነሽ፤ ፊርማሽ አለበት።"

"መክፈቻውስ?"

"አልተገኘም" አለ። ዓይኑን በጨው አጥቧል።

በሩን ወርውሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የአክስቴ ጉድጓድ ቁልፍ የለውም።

ለዘመዷ አደላች እንዳይሉኝ ባልደረባዬን አመጣሁ፤ እሱ ቀዳ፣ እኔ ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ የቆመውን ውሃ እየቀዳ ደፋ፣ ከሥር አዲስ ውሃ እስኪመጣ። ከዚያ ትንሿን ጠርሙስ እስከ አፏ ሞልቶ ከደነና ገልብጦ መታ መታ አደረጋት። አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች መርዙ ወደ እሷ ይሸሽና ምርመራው ይበላሻል። አክስቴ ጉንጯን ይዛ ስታይ ቆየችና፣ "ለሰው እንኳ እንዲህ የሚጠነቀቅ በተገኘ!" አለች።

ውጤቱ ሲመጣ ራሴ አነበብኩላት። ተገኝቷል። ያ የብረት ማጽጃ ኬሚካል፣ ያውም ለመጠጥ ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ በላይ።

አክስቴ ምንም አልቀለደችም። ጉድጓዱን ትክ ብላ አየችው።

"አንቺንም ያሳደግኩሽ በዚህ ውሃ ነው" አለች። "በጡጦሽ የምሞላልሽ ከዚህ ነበር።"

እጇን ያዝኩ። እሷ ግን እጇን አስለቅቃ ነጠላዋን አነሳችና ወጣች። በየበሩ እያንኳኳች ጎረቤቶቿን ጠራች። ፋብሪካው በር ስንደርስ ግማሽ ሰፈር ተከትሎናል። ጥበቃው ግራ ገብቶት ሥራ አስኪያጁን ጠራው።

"ምን ፈልገው ነው፣ እማማ?" አላት ሥራ አስኪያጁ ወጥቶ፣ ድምፁን አለስልሶ።

አክስቴ ውጤቱን ከእጄ ወስዳ ያ ወረቀታቸው ላይ ደርባ በመዳፏ ያዘችው።

"መክፈቻውን ነዋ፣ ልጄ" አለችው። "የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ተገኝቷል።"

አፉን ከፈተ። ያችኑ ቃል ሊደግማት ነበር። እጁ ግን ቀድሞት ወደ ሱሪው ኪስ ሄደና ጨምቆ ያዘ። መክፈቻዎቹ ሲንኳኩ ሁላችንም ሰማን።