ሠላሳ አምስተኛው ሞት

ኦርቪል ታኬት ካውቦይ ፊልም ላይ ሠላሳ አራት ጊዜ ሞቷል። የሚሞተውም ታሪኩ ሳይጋመስ ነው፤ ከወንበዴዎቹ ሁሉ ስም የማይሰጠው ለእሱ ነበር። በቀይ ቀለም የጨቀዩ ሸሚዞቹን የምታጥበው የስቱዲዮው ልብስ ክፍል ሠራተኛ ዊልማ ድራየር ናት።

ዊልማን አንድ ነገር ይከነክናታል። ሌሎቹ ሲመቱ ደረታቸውን ይዘው ዘጭ ይላሉ፤ ኦርቪል ግን አንዱን አወዳደቅ ሁለቴ ወድቆት አያውቅም።

"ከየት ነው የምታመጣው?" አለችው አንድ ቀን።

"እሑድ ባቡር ጣቢያ ነይና እይ።"

ሄደች። የሎስ አንጀለስ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ሲያይ አገኘችው።

"ዝም ብለሽ ያንን ወፍራም ሰውዬ እዪ" አላት።

ሰውየው ባርኔጣ ጠፍቶበት ወንበር ሥር ይፈልጋል፤ ሻንጣ ይከፍታል። ባርኔጣው ብብቱ ውስጥ ነው። ሲያገኘው አላፈረም፤ ባርኔጣውን ተቆጥቶ አፈጠጠበት። ኦርቪል አልሳቀም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በቃሉ የሚያጠና ይመስል ነበር።

ማክሰኞ ቀረጻ ላይ የፊልሙ ሸሪፍ ተኩሶ መታው። ኦርቪል ወደቀ። ካሜራው ሳይቆም ብድግ አለና ባርኔጣውን መፈለግ ጀመረ። ግራ እጁ ላይ ሲያገኘው አፈጠጠበት፣ አስተካክሎ አጠለቀው፣ ተመልሶ ተጋድሞ ሞተ። ሸሪፉ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ።

"ሙት ነው ያልኩህ!" አለ ዳይሬክተሩ።

"ሞትኩ እኮ።"

"ባርኔጣ ፈልግ ብዬሃለሁ?"

"ባዶ ራሴን ልሙት እንዴ ጌታዬ?"

ዳይሬክተሩ ሊያባርረው ነበር። የፊልም ጥቅል ግን ውድ ነው፤ ፀሐይም እየጠለቀች ስለነበር እንዳለ ተወው።

ፊልሙ ግሌንዴል ከተማ ሲኒማ ቤት ሲታይ ሁለቱም ሄዱ። ያ ቦታ ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዊልማ ደስ ብሏት ዞር ብትል፣ ኦርቪል ጀርባውን ለሸራው ሰጥቶ ወንበሩ ላይ ተንበርክኳል።

"ፊልሙ እኮ በዚያ ነው" አለችው።

"ፊልሙን አውቀዋለሁ" አለ፣ ዓይኑን ከሕዝቡ ሳይነቅል። "ያቺን ሴትዮ እያት፤ ስትስቅ ጫማዋን ታወልቃለች።"

በሳምንቱ ስቱዲዮው አስጠራው። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰካራም ሠረገላ ነጂ፣ ነጭናጫ ወጥ ቤት፣ ችሎት ላይ የሚያንቀላፋ ዳኛ ሆኖ ተጫወተ። በመጀመሪያው ዓመት ዊልማን አገባ። ሠርጉ ላይም ቄሱን ትኩር ብሎ ሲያይ፣ ዊልማ በክርኗ ጎሸመችው።