በሞርጂና ስም የተቀበረችው

ሞርጂና ትኩሳት ጥሏት ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራዋ ቀርታ ነበር። ዳካ አጠገብ ባለችው ጋዚፑር ውስጥ በተከራዩት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል፣ ጓደኛዋ ፓሩል ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያደረገች ታስታምማታለች። ፓሩል የምትሠራበት ሹራብ ፋብሪካ ተዘግቶባት ቤት ከዋለች ሰንብታለች።

«ዛሬም ከቀረሁ ያባርሩኛል» አለች ሞርጂና፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

«እኔ እሄድልሻለሁ።»

«አበድሽ እንዴ? ይይዙሻል!»

«ማን አባቱ ይይዘኛል? በር ላይ ያለው ማሽን እንደሆነ ካርድ እንጂ መልክ አያውቅ። ሻሽሽን አውሺኝና ተኚ። ይልቅ ስትመለሺ አለቃሽ ‹ምነው እጅሽ ተበላሸ› እንዳይልሽ ፍሪ፤ እኔ ካንቺ የተሻልኩ ሰፊ ነኝ።»

ሞርጂና ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ካርዱን ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠቻት።

ሞርጂና በምትሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ኮድ የሌለው ነገር የለም። በሸሚዙ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ወረቀት፣ ባሕር ማዶ ያለው ሱቅ ዋጋውን የሚያነብበት ወፍራምና ቀጭን መስመር አለው። የተቆረጠ ጨርቅ በታሰረ ቁጥር የራሱ ኮድ ይለጠፍበታል፤ ማን እጅጌ እንደሰፋ፣ ማን ኪስ እንደሰፋ ቢሮው በዚያ ያውቃል። ካርቶኑም፣ የጨርቁ ጥቅልም እንዲሁ። ሠራተኞቹ ደግሞ ባንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ካርድ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ የሞላበት አራት ማዕዘን ኮድ አላቸው።

ፓሩል ካርዱን ማሽኑ ላይ አሳየች፤ አረንጓዴ መብራት በራላት፤ ገባች።

ከቀትር በኋላ የጨርቅ መጋዘኑ ተቃጠለ። ጭሱ ደረጃውን ዘጋው። ብዙዎቹ ተገፋፍተው ወጡ፤ ፓሩል ግን ከወጡት መሀል አልነበረችም።

አስከሬኗ ሲገኝ ፊቷ አይለይም ነበር። ካርዱ ብቻ ከደረቷ ሥር ተጣብቆ ተርፏል። ሆስፒታል ውስጥ ኮዱን ሲያነቡት «ሞርጂና ኻቱን፣ ኩሪግራም» የሚል ወጣ። የበሽተኛ ደምና መድኃኒት እንዳይሳሳት የሚታሰረውን ባለ መስመር ወረቀት እጇ ላይ አሰሩላት፤ በሞርጂና ስም። ዳካ የሚኖረው የሞርጂና ወንድም ሬሳውን እያለቀሰ ተቀበለና በዚያው ወላጆቻቸው ወዳሉበት ወደ ኩሪግራም ጫነው።

ሞርጂና ይህ ሁሉ ሲሆን ራሷን አታውቅም ነበር። በማግስቱ የቤቱ ባለቤት የሞርጂናን ሞት ለፓሩል ልታረዳ መጣች። በሩን ስትከፍት ሞርጂና አልጋው ላይ ናት።

«ያ አላህ! ሰው ነሽ ጂን?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ውሃ ስጪኝ። ፓሩል አልመጣችም?»

ሴትዮዋ በሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ የፋብሪካውን ቃጠሎና የቀብሩን ወሬ ነገረቻት።

ነገሩን ስትሰማ ሞርጂና በሴትዮዋ ስልክ አባቷ ጋ ደወለች። «አባባ፣ እኔ ነኝ፤ አልሞትኩም።»

«ልጄን ገና አሁን ቀብሬ መመለሴ ነው» አለ ሽማግሌው። «በሐዘንተኛ የምትቀልጅ፣ አላህ የእጅሽን ይስጥሽ።» ዘጋው።

ማታውን የፓሩል እናት ጆሚላ ከአገሯ ከኔትሮኮና መጣች። የልጇ ስልክ አልነሳ ብሏት ነው። ቃጠሎውን አውቶቡስ ውስጥ ሰምታለች።

«የኔዋስ ሥራ ፈት ሆና ተረፈች፤ አልሐምዱሊላህ!» አለች ገና ሳትቀመጥ። «ግን ይቺ ልጅ የት ገባች?»

ሞርጂና እግሯ ላይ ወደቀች። ካርዱን፣ ሻሹን፣ ሁሉንም እየተንሰቀሰቀች ነገረቻት። ጆሚላ አልጮኸችም፤ አልመታቻትም። 

«ጠዋት በልታ ነበር?» አለች።

«ያደረ ሩዝ በሽንኩርትና በቃሪያ።»

«ጨው ታበዛ ነበር» አለች እናቷ።

ሲነጋ አብረው ኩሪግራም ሄዱ። የሞርጂና እናት ልጇን ግቢው በር ላይ ስታያት «ልጄ! ልጄ!» ብላ እየጮኸች ሮጠች፤ አንገቷን አንቃ ሳመቻት፤ ፊቷን እየዳበሰች ሳቀች። ከልጇ ኋላ የቆመችውን እንግዳ ሴት ስታይና ማን እንደሆነች ሲገባት፣ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ደስታዋ ግን ከዓይኗ አልጠፋ አላት፤ ቀና ብላ ማየት አፈረች።

አባትየው መቃብሩን አሳየ። «ከፈለግሽ አውጥተን ወደ አገርሽ እንወስድልሻለን» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ተዉአት» አለች ጆሚላ። «ሁለቴ አትቀበርም።»

እርጥቡን አፈር በመዳፏ ደልድላ ተነሣች። ሞርጂና እስከ ወንዙ ተከተለቻት። ጀልባዋ ጋ ሲደርሱ ጆሚላ ዞር አለች።

«አልረግምሽም። ራሷ ናት የሄደችው። ግን አትሸኚኝ። ድምፅሽን መስማት አልቻልኩም፣ ልጄ።»

ብቻዋን ተሳፈረች። ጀልባዋ ወንዙን እስክትሻገር አንድም ጊዜ ዞራ አላየችም።