በታመመው ዲስክ ውስጥ የቀረው ምርቃት

ልጄ ፀሐይወርቅ ዘመሮ ከተማ ሠርግ ትቀርጻለች። የቀረጸችው ሁሉ የሚቀመጠው ኮምፒውተሯ ውስጥ ነው። ሁለት ዲስክ አጋጥማ እንደ አንድ ጎተራ አድርጋዋለች፤ አንዱ ከከዳ ጎተራው አይከፈትም። ባሏ ቅጣው ታዲያ ኮምፒውተሩን የመንዝ ብርድ ይጎዳዋል ብሎ ማታ ማታ የበግ ጠጉር ባና ያለብሰዋል። የበግ ግልገል መሰለው! እየሠራ ተሸፍኖ ሲያድር ታፈነና አንዱ ዲስክ ታመመ። ይንጣጣ ጀመር፤ ጎተራውም አልከፈት አለ።

ይህን የሰማች ጎረቤታችን ጌታነሽ እንደ ነፋስ ገባች። ባሏ ወልደ አማኑኤል ልጁን ሲድር የመረቀው እዚያ ውስጥ ነው። ከሠርጉ በኋላ አረፈ፤ ድምፁ ሌላ የትም የለም።

«ልጅሽ የባሌን ምርቃት በላችው!» አለችኝ።

«ልጄ የምትበላው የገብስ ቆሎ ነው። ቁጭ በይ!»

ቅጣው «እዚያው ላይ ጠግኚው» አለ።

«የታመመ ላይ ምንም አልጽፍም» አለች ፀሐይወርቅ። «መጀመሪያ ወደ አዲስ ዲስክ እገለብጠዋለሁ። ደህናውን አስቀድማለሁ፤ እምቢ ያለኝን እዘለውና ኋላ እመለስበታለሁ።»

«በረዶ ሳይመታው የደረሰውን ማጨድ ነዋ» አልኳት።

«እንደሱ ነው፣ እማዬ።»

ዲስኩ ሲሞቅ ይቆማል። ፈትታ ከነገመዱ አወጣችውና መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው፤ የጓሳ ተራራ ብርድ ሲነካው መልሶ መነበብ ጀመረ። ቅጣው መስኮቱን ሊዘጋ ብድግ አለ።

«አንተ ሰው፣ ሁለተኛ ልትገድለው ነው? እጅህን ሰብስብ!» አልኩት።

«ኧረ እርስዎ እንዳይበርድዎ ብዬ ነው!»

«እኔን ተወኝ፤ ብርዱ ነው ያሳደገኝ።»

ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ዋልን። ጌታነሽ ከነቁጣዋ መጥታ ጋቢዬ ውስጥ ገባች። የቀረችውን እምቢተኛ ቦታ ልጄ እየተመላለሰች ለቃቀመቻት። ከዚያ አዲሱን ዲስክ በታመመው ፋንታ ሰካችው፤ ጎተራው ተከፈተ!

ወልደ አማኑኤል እጁን ዘርግቶ ብቅ አለ። «እንደ አብርሃም፣ እንደ ሣራ ያድርጋችሁ! ውለዱ፣ ክበዱ!» አንዲት ቦታ ላይ ፊቱ ተቆራረጠ፤ ድምፁ ግን አልተበጠሰም።

ጌታነሽ እንደ ሠርጉ ቀን ተነሥታ «አሜን!» አለች። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ዓለም ከተማ ላለችው ሙሽራ ልጇ ደወለች። «ፀሐይዬ፣ የኔ አንበሳ፣ ከመጀመሪያው አስጀምሪልኝ፤ አባቷን ትስማ!»

እኔም እልልታዬን ለቀቅሁት። መንገደኛው ማን ወለደ ብሎ በራችን ላይ ቆመ። ልጄ ያደረገችውን ነገርኩት። ሳይጠይቀኝ ለሚያልፈውም ነገርኩት።