ያልተጣለው ሕዝቅያስ

«ይኼም ይውጣ፣ ጋሼ።» ናዝሬት የንዕማንን ካርድ ከመሀል መዝዛ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ አስቀመጠችው።

ጋሽ ፀሐዬ ከቸርኬው ያላቀቁትን ጎማ የጎሚስታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቀና አሉ። «ንዕማን ደግሞ ምን አደረገሽ? ዮርዳኖስ ወርዶ ከለምጹ የነጻ ሰውዬ!»

«ምንም አላደረገኝም። ግን ያዘገየኛል። እኔ ለምጻም ሳጥብ ተጋጣሚዬ ታቦቱን ይዞብኝ ይሄዳል።»

ጨዋታው «ኪዳን» ይባላል። ተጫዋቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎችና ታሪኮች ሃምሳ ካርድ መርጦ የራሱን ስብስብ ያዘጋጃል፤ ወጣቶቹ ዴክ ይሉታል። ታቦቱን አስቀድሞ ኢየሩሳሌም ያስገባ ያሸንፋል። ተጥሎ ሥራውን የጨረሰ ካርድ መቃብር ወደሚሉት ክምር ይወርዳል። ነገ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ የአጥቢያዎች ውድድር አለ፤ ናዝሬትም የምትወዳደረው በኢየሩ ዴክ ነው። ኢየሩ የጋሽ ፀሐዬ ልጅ፣ የናዝሬትም ጓደኛ ነበረች። አምና በመጨረሻው ዙር ተሸንፋ «ለከርሞ ዋንጫው የእኛ ነው» ብላ ነበር። ከርሞ ደረሰ፤ እሷ ግን ክረምቱ ሳይገባ አረፈች።

ኢየሩ ካርዶቹን መጀመሪያ ቤት ይዛ የገባች ቀን ጋሽ ፀሐዬ ለያዥ ለገናዥ አስቸግረው ነበር። ጌታን ከማግኘታቸው በፊት፣ በሹፌርነታቸው ዘመን፣ ካርታ ምን እንደሚያደርግ በራሳቸው አይተውታል። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ነቢያቱን ቁማር አስጀመራችኋቸው?» ብለው በቁጣ ከቤት ወጡ። ኢየሩ ግን ከት ብላ ሳቀች። ሲቆጡ መሳቅ ልማዷ ነበር፤ አሁን ያ ሳቅ በጣም ይናፍቃቸዋል።

ከዚያ ኩላሊቷ ታመመ። እጥበት በምትሄድበት ቀን ሁሉ አልጋው አጠገብ የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። አንድ እጇ ከማሽኑ ጋር ስለሚታሰር ካርድ መበወዝ አትችልም። መጀመሪያ በወዙላት፤ ቀጥሎ ሕጉን ተማሩ፤ ቀጥሎ ተጋጣሚዋ ሆኑ፤ በመጨረሻም ዴኩ ውስጥ እጃቸውን አስገቡ። «የናሱን እባብ ጨምሪበት» ይሏታል። ሌላ ቀን የቤተ ሳይዳን መጠመቂያ፣ ሌላ ቀን የገለዓድን መድኃኒት። እጥበት በሄዱ ቁጥር አንድ የፈውስ ካርድ ይዘው ይመጣሉ። እሷም «እሺ አባዬ» ብላ አንድ ተዋጊ ታወጣና ታስገባላቸዋለች። ሐኪሙ እሳቸውን ብቻ ለይቶ ወደ ቢሮው የጠራቸው ቀን ደግሞ ሕዝቅያስን ይዘው መጡ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አልቅሶ አሥራ አምስት ዓመት የተጨመረለትን ንጉሥ።

ከቀብሩ በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ መሰለች ካርዶቹን ማየት አልቻሉም። ስለዚህ ዴኩ አዲሱ ገበያ ወዳለው የጋሽ ፀሐዬ ጎሚስታ ቤት መጣ፤ በካርቶን ተጠቅልሎ ከመፍቻዎቹ ሳጥን ገባ። ዛሬ ናዝሬት እስክትመጣ ማንም አልከፈተውም።

«ጋሼ፣ ቶሎ በሉልኝ! ተራዬ ሊያልፍ ነው!» አለ ጎማው የሚጠገንለት የሚኒባስ ሾፌር ከውጭ።

«መሸሻ፣ እስቲ ያዝልኝ» አሉ ጋሽ ፀሐዬ። አብሯቸው የሚሠራው መሸሻ ጎማውን እየገፋ ወጣ፤ ኮምፕሬሰሩም መንቋቋት ጀመረ።

ናዝሬት ቀጠለች። የናሱ እባብ ወጣ፤ ኢያዔል ገባች። መጠመቂያው ወጣ፤ ጌዴዎን ገባ። አንድ ካርድ በወጣ ቁጥር ጋሽ ፀሐዬ ያን ካርድ ያስገቡበት ቀን ይመጣባቸው ነበር፤ የሆስፒታሉ ሽታ፣ የማሽኑ ድምፅ፣ ያበጠው እግሯ። የናዝሬት ጣት ሕዝቅያስ ጋ ሲደርስ ግን መዳፋቸውን ላዩ ላይ ጫኑት።

«ይኼን አትነኪውም።»

«ጋሼ...»

«ሁሉንም ውሰጂ ብያለሁ። ይኼን አትነኪውም አልኩሽ!»

«እኔ ብተወውም ዳኞቹ አይቀበሉትም። ይዩት ጀርባውን። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚታወቅ ካርድ አይፈቀድም፤ እንደ ማጭበርበር ነው የሚቆጠረው።»

አንስተው ገለበጡት። እውነቷን ነው። ሌሎቹ አዲስ እንደሆኑ አሉ፤ ይህኛው ግን አንድ ጥጉ ታጥፎ፣ ተሻሽቶ፣ ቀለሙ ለቅቆ ነጭ ሆኗል። ጋሽ ፀሐዬ ትክ ብለው አዩት።

«ይኼን ካርድ አንድም ቀን ጥላው አታውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ሲደርሳት ከፊቷ አውቅ ነበር። ‹ጣይው እንጂ› እላታለሁ፤ ‹ቆይ አባዬ፣ ጊዜው አይደለም› ትለኛለች። ያልተጣለ ካርድ እንዴት ያረጃል?»

ናዝሬት የወጡትን ካርዶች መደርደር ጀመረች።

«ምን ታውቂያለሽ? ንገሪኝ።»

«ሁልጊዜ እጇ ላይ ስለምትይዘው ነው» አለች። «አንድ ቀን እኔም ጠየቅኋት። ‹ከጣልኩት ሦስት ዙር ቆይቶ መቃብር ይገባል፤ እጄ ላይ እስካለ ድረስ ግን አባዬ ተስፋ አይቆርጥም› አለችኝ።»

የኮምፕሬሰሩ ጩኸት ቆመ። ውጭ መሸሻና ሾፌሩ ይከራከራሉ።

«እንደማትድን ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር። ዴኩ እንደማያሸንፍም ታውቅ ነበር። ‹ምን ላድርግ፣ አባዬ በካርድ እያከመኝ ነው› ብላ ትስቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«እርስዎስ ሐኪሙ ያሉትን ነግረዋት ነበር?»

አልነገሯትም። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው፣ አንዳቸው ለአንዳቸው ሲዋሹ ከርመዋል። ጋሽ ፀሐዬ ለቀስተኛ ፊት ያላለቀሱትን ለቅሶ እዚያው ጎማ መሀል ተቀምጠው አለቀሱ። ናዝሬት አብራቸው አለቀሰች። ሒሳብ ሊከፍል ብቅ ያለው ሾፌር አይቷቸው፣ ገንዘቡን ለመሸሻ ሰጥቶ ቀስ ብሎ ሄደ።

ሲወጣላቸው ተነሥተው እጃቸውን በኦሞ ፈትገው ታጠቡ።

«የራስሽን ዴክ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ያወጣሻቸውን መልሺያቸው። አንድ ጊዜ እንጫወት፤ በእሷ ዴክ፣ እሷ እንደተወችው።»

የጎማ ክምር ላይ ጣውላ አጋደሙና ጀመሩ። የናዝሬት ፍልስጥኤማውያን ገና ከመነሻው ታቦቱን ማረኩ። ጋሽ ፀሐዬ ንዕማንን ጣሉ፤ የናሱን እባብ አቆሙ፤ ምንም አልረዳቸውም። ዴኩ እውነትም ያዘግማል። ያን ሁሉ ቀን ልጃቸው በዚህ ዴክ እየተሸነፈችላቸው እንደኖረች አሁን ገባቸው። ቀጥሎ የሳቡት ካርድ ሕዝቅያስ ነበር።

አውራ ጣታቸው የታጠፈው ጥግ ላይ ዐረፈ። ቦታው የእሷ ጣት ቦታ ነበር። መያዝ ይችላሉ፤ ማንም አያስገድዳቸውም። ናዝሬት ካርዶቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

ጣሉት።

ንጉሡ ጣውላው ላይ ሦስት ዙር ቆየ። የመጀመሪያው ዙር አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ሦስተኛው ሲያልቅ ናዝሬት ካርዱን ልታነሣ እጇን ዘረጋችና መሀል ላይ አቆመችው።

«ልተወው፣ ጋሼ?»

«የለም። ሕግ ሕግ ነው።»

ራሳቸው አነሡት። የታጠፈውን ጥግ በጣታቸው ሊያቃኑት ሞከሩ፤ አልቃና አላቸው። የመቃብሩ ክምር ላይ አኖሩትና ጠርዙን ከሌሎቹ ጋር አስተካከሉት። ጨዋታው እስኪያልቅ አልጠበቁም። የቀሩትን ካርዶች ሰብስበው ከናዝሬት ፊት ዘረጉላት።

«በይ» አሉ፣ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ፣ «በእሱ ቦታ ማንን እናስገባ?»