የሰው ድስት

እጄ ለሸክላ አልተፈጠረም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ባለው የጋራ ሸክላ መሥሪያ መደርደሪያ ከተከራየሁ ከርሟል፤ እስካሁን ከእቶን በደህና የወጣልኝ ግን አንድ ኩባያ ብቻ ነው፣ እሱም ሰካራም ይመስል ወደ ጎን ያዘመመ።

እማዬ ልትጠይቀኝ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ «ሥራሽን አሳዪኝ» ብላ ነዘነዘችኝና ወሰድኳት። ኩባያዬን ለማሳየት አፈርኩ። ከኔ መደርደሪያ በላይ ክዳን ያለው የሚያምር ዕቃ ተቀምጧል፤ ዓይኗ እሱ ላይ ሲያርፍ «እሱ ነው» አልኳት።

«እሰይ! እጅሽን ይባርከው! እንዴት ያለ ድስት ነው!»

ድስት አልነበረም። ጆይስ የምትባል፣ ሁሌ ከጎኔ የምትሠራ ጡረተኛ ነርስ የሟች ባሏን አመድ ልታኖርበት የሠራችው ነው። አስከሬን አቃጥሎ አመዱን ማስቀመጥን ለእማዬ እንዴት ብዬ ላስረዳት? «አሜን» አልኳት። በሙገሳዋም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ እስኪጠራ ሳምንት ፈጀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብራኝ መጣች። ጓሮ ጭቃ ሳቦካ ቆይቼ ስመለስ፣ ከቦርሳዋ የዘይት ጠርሙስ አውጥታ የጆይስን ዕቃ ውስጡንም ውጩንም አሽታ ጨርሳለች።

«አሟሸሁልሽ። እንዲሁ ደረቁን ብትጥጂው እሳት ላይ ይሰነጠቅብሽ ነበር» አለችኝ ፊቷ በርቶ።

ዕቃው አንዴ ብቻ እቶን ገብቶ የተተኮሰ፣ ገና ቀለም ያልተቀባ ነበር። ዘይት የነካው ሸክላ ደግሞ ቀለም አይዝም።

ጆይስ ያኔውኑ ገባች። ዕቃዋን አነሳች፣ አሸተተችው።

«ኖላዊት፣ ማነው እንዲህ ያደረገው? መታሰቢያው እኮ ደረሰ!» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«እናቴ ናት። አሮጊት ናት፣ አታውቅም» አልኳት፣ እኔም በእንግሊዝኛ። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁ። እማዬ አጠገቤ ቆማ ምስጋና ትጠብቃለች።

«ምን አለች?» አለችኝ እማዬ።

«ወዳዋለች።»

ጆይስ ግን ታለቅስ ነበር። እንባ አስተርጓሚ አይፈልግም። እማዬ እሷን አየች፣ እኔን አየች፣ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ኖላዬ፣ የሷ ነው እንዴ?»

አንገቴን ደፋሁ።

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ሄዳ የጆይስን ጉልበት ያዘች። የምታውቃት የእንግሊዝኛ ቃል አንዲት ናት፤ እሷኑ ደጋገመቻት። «ሶሪ፣ ሶሪ፣ ሶሪ።»

ጆይስ ደንግጣ አነሳቻት፣ አቀፈቻት። እንደገና ቢተኮስ ዘይቱ ተቃጥሎ እንደሚለቅ፣ ለመታሰቢያውም እንደሚደርስ ነገረችኝና ለእናትሽ ንገሪያት አለችኝ። ነገርኳት። የኔ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ መሆኔን ግን ያኔም ለጆይስ አልተናገርኩም። ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ እጄ ላይ የደረቀውን ጭቃ እፍቅ ነበር።

መኪና ውስጥ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀይ መብራት ይዞን ስንቆም ነው አፏን የከፈተችው።

«ሶ... ያንቺስ የቱ ነበር?» አለች፣ ‹እና› ለማለት፣ እንግሊዝኛ መሆኑን ሳታውቅ በዚህ ሰሞን ከኔ በለመደችው አነጋገር።

ስንወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩትን ኩባያ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው። ያዘመመውን ጎኑን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ቤት ስንገባ አሟሽልሻለሁ» አለች።